የአዴሪቶ ጭረት

አዴሪቶ የፎንታልቫን እግር ኳስ ክለብ በር አሥራ አራት ዓመት ጠበቀ። እኔ እሱ የሚቆምበትን ሣር ጠበቅሁ። እሱ እሑድ እሑድ ይቦጫጭረዋል፣ እኔ ሰኞ ሰኞ እጠግነዋለሁ። እንዲህ ስንተዳደር ኖርን።

የበረኛ ዐይኑ ከፊቱ ነው፤ በሩ ግን ከኋላው ነው። ኳስ እየገፋ የሚመጣበት ሰው እያለ ዘወር ብሎ ቋሚዎቹ የት እንዳሉ ማየት አይችልም። ስለዚህ አዴሪቶ ከጨዋታ በፊት በበሩ ፊት ባለችው በትንሿ ሳጥን መስመር ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ በጫማው ተረከዝ አንድ ጭረት ያወጣል። የአንድ ክንድ ርዝመት ቢኖራት ነው። ጨዋታው መሀል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ካያት መሀሉን ያውቃል፤ መሀሉን ካወቀ ቀኝና ግራውን ያውቃል። ነገሩ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዳኛ ካየ ቢጫ ካርድ ያወጣል። ግን ዳኞችም ሰው ናቸው። አብዛኞቹ ጭረቷ አጠገብ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስራሉ።

ሜዳችን ሁለት በር አለው፤ አንደኛውን የወንዙ በር፣ ሌላውን የመቃብሩ በር እንለዋለን። አዴሪቶ እሑድ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሁለቱም ጋ ይጭራል፤ ከእረፍት በኋላ በር ሲቀየር ያንኛው ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቀው። ሁልጊዜ በግራ ተረከዙ ነው የሚጭረው። አፈሩም ወደ ግራ ይገለበጣል። ከዚያ መጋዘኔ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዳቦና ሰርዲን እንበላለን። በመጀመሪያው ዓመት ገመድ አምጥቼ ከሁለቱም ቋሚዎች ለክቼበት ነበር። የሳተው ግማሽ ጣት አይሞላም። "ጋሼ ቤልሚሮ፣ ፈተናውን አለፍኩ?" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለክቼ አላውቅም። ሰውን ካመንክ በኋላ መለካት ነውር ይመስላል።

ስለ እሱ ታሪክ ብዙ የሚያወሩ አሉ፤ እውነቱ አጭር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሊዝበን ያለ ትልቅ ክለብ ወሰደው። ሦስት ዓመት የተጠባባቂ ወንበር አሞቀ፤ በሦስቱ ዓመት የተጫወተው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ አሶሬስ ደሴቶች ሄዶ ሁለት ዓመት ከነፋስ ጋር ታገለ። በሃያ አራት ዓመቱ እናቱ ስትሞት ወደ ፎንታልቫ ተመለሰ፤ አባቱን የሚመራ ሰው አልነበረምና። አባቱ ኩስቶዲዮ የወንዝ ጀልባ ነጂ ነበር። በአርባ ዓመቱ ዐይኑ መጥፋት ጀመረ። እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ እንደሚዘጋ መስኮት።

ማዳመጥን ያስተማረኝ ኩስቶዲዮ ነው። ልጁ ሲጫወት የምትሻለው ቦታ የመጋዘኔ አግዳሚ ወንበር ናት ይል ነበር፤ ከዚያ ላይ ሜዳው አይታይም፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። "ስማ" ይለኛል፣ "ኳሷ መዳፉን ስትመታ ደረቅ ድምፅ ካወጣች በደንብ ይዟታል። እርጥብ ድምፅ ካወጣች ተንሸራታበታለች፤ ጸልይ።" እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔም በዚያችው ወንበር ላይ ሆኜ ጨዋታውን መስማት ለመደብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ለብቻዬ ነው፣ ሣር ማብቀልም የተማርኩት ለብቻዬ ነው። ለማዳመጥ ግን አስተማሪ ነበረኝ።

ያ እሑድ በግንቦት ነበር። ሦስት ጨዋታ ቀርቶናል፤ ወደ ታችኛው ሊግ ከሚወርዱት የምንበልጠው በአንድ ነጥብ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሕፃናት የመጀመሪያ ቁርባን ስለነበር፣ መዘምራኑን የሚያሰልፍ ሰው ጠፍቶ ጠዋቱን እዚያ አሳለፍኩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አዴሪቶ ሲጭር ያላየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። በእረፍት ሰዓት መንሽ ይዤ የተነቀለውን ሣር ልደለድል ወደ መቃብሩ በር ሄድኩ። እዚያ ስደርስ መስመሩ ላይ የነበረው አንድ ሳይሆን ሁለት ጭረት ነው። የእንግዶቹ በረኛ ወጣት ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ እዚያ ቆሞ ስለነበር የራሱን ጭሯል። ሁለቱም በጭቃ ተለውሰዋል፤ የትኛው የጠዋት፣ የትኛው የአሁን እንደሆነ አይለይም። ሁለቱን ብተዋቸው አዴሪቶ ይደናገራል፤ ዳኛውም ሁለት ሲያይ ክር ማሰር አይበቃውም። አንዱ መዘጋት አለበት አልኩ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የአንደኛው አፈር ወደ ቀኝ ተገልብጧል። የሌላኛው ወደ ግራ።

ወደ ግራ የተገለበጠው የአዴሪቶ ነው ብዬ ሌላኛውን ደፈንኩት። በጫማዬ ረግጬ አስተካከልኩት። መለኪያው ገመድ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

በሰማንያኛው ደቂቃ ከመጋዘኑ ሆኜ የሰማሁት ይህ ነው። የእኛ ግብ እንደ ነጎድጓድ ነው፤ የእንግዳ ግብ ግን ሳህን ከእጅ እንደ መውደቅ ነው፤ መጀመሪያ ዝምታ፣ ከዚያ ከሩቅ ጥቂት ጩኸት። መዳፍ የመታ ድምፅ የለም፤ ደረቅም እርጥብም። አንድ ሰው ብቻ "ምን ነካው?" አለ። ከዚያ ከተመልካች መቀመጫው የቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለው ሕዝብ "ቋ፣ ቋ፣ ቋ" ማለት ጀመረ። እኛ ዘንድ በረኛ ቀላል ኳስ ሲያመልጠው "ዶሮ አመለጠው" ነው የሚባለው፤ እጁን ዘርግቶ ግቢ ውስጥ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ስለሚሆን። አዴሪቶን ዶሮ ብለውት አያውቁም ነበር።

ኳሷ ከግራው የመጣች፣ ሕፃን የሚይዛት ዓይነት ነበረች አሉ። በእሱና በቅርቡ ቋሚ መሀል ሾልካ ገባች። እጁን ላከ፤ የጨበጠው ግን አየር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የቤቱ አጥር በር ላይ የክለቡ ሻርፕ አንገቷ ላይ የታሰረ ቀይ ዶሮ ከነሕይወቷ እግሯን በገመድ ታስራ ተንጠልጥላ ተገኘች። ሚስቱ ዴኦሊንዳ ወጥታ አየቻት። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከተች። ከዚያ ፈታቻትና "ስጦታ አይመለስም" ብላ ወደ ግቢ አስገባቻት። ዶሮዋን ዘፌሪና ብላ ሰየመቻት፤ የጠረጠረችው የቡና ቤቱን ባለቤት ዘፌሪኖን ነበርና።

እኔ በዚያው ሰዓት የመቃብሩ በር ላይ ነበርኩ። ከበሩ ጀርባ የመቃብሩ ጸሎት ቤት አለ፤ ጭረቷ ላይ ቆሜ ወደ በሩ ስዞር መስቀሉ ልክ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል መታየት አለበት። ያን ቀን መስቀሉ ወደ አንዱ ቋሚ ተጠግቶ ታየኝ። ዐይኔን አሻሸሁ። ከዚያ ገመዱን አወጣሁ።

ጭረቷ ከመሀሉ ሦስት ስንዝር ወደ በረኛው ቀኝ ስታለች።

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። የደፈንኩት የእሱን፣ የተውኩት የእንግዳውን ነበር። አዴሪቶ ሙሉ አጋማሽ ያመናት ጭረት የሌላ ሰው ነበረች። ኳሷ የሄደችው እሱ "እዚህ ነኝ" ብሎ ወዳመነበት ቦታ ነው፤ እሱ ግን እዚያ አልነበረም። ከዚያ ያደረግሁት ነገር ከስህተቱ ይብሳል፦ ሰው ሳያይ ያቺንም ደፈንኳት።

ማክሰኞ ዘፌሪኖ ቡና ቤት ገባሁ።

"ጋሼ ቤልሚሮ" አለ ዘፌሪኖ፣ ስኒውን እያቀረበልኝ፣ "ሣሩ ላይ ጥሬ መበተን ጀመርክ እንዴ? ዶሮዋ ምን ፈልጋ ገባች?"

"ተወው እሱን፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው" አለ ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወት አንዱ።

"እናቴ ሰባ ስድስቷ ነው" አለ ዘፌሪኖ። "ያቺን ኳስ በመቀነቷ ትይዛት ነበር።"

"እናትህ ሳጥኑን ለቃ ትወጣለች ብለህ ነው? አትወጣም።"

"እንዲያውም እሷ ናት የምትሻለን፤ ከሳጥን ቀርቶ ከወጥ ቤትም አትወጣም።"

ሳቁ። ቡናዬን ጠጣሁ። "የኔ ጥፋት ነው" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ከቡናው ጋር ዋጥኩት። ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩት ሥራ ትዝ አለኝ። የእኔ አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ደግሞ ዶሮ ብቻ አይሆንም አልኩ በልቤ። ፈሪ ሰው ሲያስብ ፈጣን ነው።

ረቡዕ አዴሪቶን ሊጠይቅ የሄደው እግሬ ነው፤ ልቤ አልነበረም። ዴኦሊንዳ ግቢ ውስጥ ለዶሮዋ የጎመን ቅጠል ትቆራርጣለች።

"ግባ፣ ጋሼ ቤልሚሮ። ግን እንዲሰማህ ደጋግመህ ሳል፤ ያ ሰውዬ የያዘውን ልማድ ታየዋለህ።"

አዴሪቶ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ዐይኑን ጨፍኗል። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ነው። "አራት፣ አምስት፣ ስድስት" እያለ ከጠረጴዛው ወደ ምድጃው ይራመዳል። ስድስት ላይ ቆመና እጁን ዘረጋ፤ የሾርባው ድስት እጀታ ላይ አረፈች።

"ማን ነው?" አለ ዐይኑን ሳይገልጥ። "አትናገር። አረማመድህ የሣር ጠባቂ ነው፤ መሬቱን ለመርገጥ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ጋሼ ቤልሚሮ።"

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ቤቴን እየተማርኩ ነው።" ዐይኑን ገለጠ። "ሳይጨልም መማር ይሻላል። አባቴ ከጨለመ በኋላ ነው የጀመረው፤ ሁለት ጊዜ ከደረጃ ወድቋል።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ኳሷን አይቻታለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ሁሉም አላየም ይላሉ፤ አይቻታለሁ። እጄን የላክሁት ወዳለችበት ነው። እሷ ግን እዚያ የለችም። አባቴም ሲጀምረው እንዲህ ነበር። ጀልባውን ሲያስጠጋ ምሰሶው ካለበት ዘወር ብሎ ይታየው ነበር። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ 'አባዬ፣ ወደ ግራ' እለው ነበር። ይኸው ደረሰኝ። ሁለት ዓመት ቀድሞ መጣ እንጂ።"

"ሐኪም ዘንድ ሂድ።"

"የማውቀውን ነገር ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። ለሚስተር ነግሬዋለሁ፤ ተጠባባቂው ሩበን ይግባ። እኔ በቃኝ።" ሚስተር የምንለው አሰልጣኙን ነው። "ዶሮ ብለው ይሸኙኝ፤ ምንም አይደለም። ዕውር ብለው ከሚሸኙኝ ይሻላል።"

በዚያች ደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። አፌን ከፈትኩ። "ሾርባው እንዳያርርብህ" አልኩትና ወጣሁ።

በቀጣዩ እሑድ ከሜዳችን ውጪ ሩበን በር ላይ ቆመ። ልጁ ጥሩ ነው፤ ግን ሃያ ዓመቱ ነው። ሦስት ገባበት። የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፤ በሜዳችን። ካልተሸነፍን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን።

ሐሙስ ማታ ከመቁጠሪያ ጸሎት በኋላ ለአባ አንሴልሞ ተናዘዝኩ። ስለ ጭረት፣ ስለ ተረከዝ፣ ስለ ስንዝር ስነግራቸው ብዙ ጊዜ አስደገሙኝ፤ ኳስ አይወዱም። በመጨረሻ ግን ገባቸው።

"ለእግዚአብሔር ነገርከው" አሉኝ። "መልካም። እሱ ግን ያውቀው ነበር። የማያውቀው ሰውዬ ከዚህ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ ይኖራል።"

"ንስሐዬስ ምንድን ነው፣ አባ?"

"ሦስት መንገድ በእግር።"

ዓርብ ጠዋት አዴሪቶን ይዤ ሜዳ መጣሁ። የሚመጣው ለመሰናበት መስሎት ነበር፤ ጓንቱን እንኳን አልያዘም። የመቃብሩ በር ጋ ወሰድኩት። ሣር ሲደፈን ወዲያው አይድንም፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መስመሩ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ፤ አንዱ ከአንዱ ሦስት ስንዝር ይርቃል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ቁም እዚህ ላይ" አልኩት፣ አንደኛው ጠባሳ ላይ። "ዞር በልና መስቀሉን እየው።"

አየ። "መሀል ነው።"

"አሁን እዚህኛው ላይ ቁም።"

ቆመ። ዞረ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ገመዱን ሰጠሁት፤ ራሱ ለካ። ከግራ ቋሚ፣ ከቀኝ ቋሚ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ገመዱን መሬት ላይ ተወው።

"ያን ቀን ይህቺ ላይ ነበር የቆምኩት?"

"አዎ። የእንግዳው በረኛ ጭረት ናት። ያንተን የደፈንኩት እኔ ነኝ። በእረፍት ሰዓት። አፈሩ ወደ ቀኝ ተገልብጦ ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ፤ አንተ በግራ ነው የምትጭረው አልኩ።"

ወደ እግሩ ተመለከተ። የግራ ቁርጭምጭሚቱን አየው።

"ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሐሙስ ልምምድ ላይ ተመትቼ ነበር" አለ። "ሚስተር እንዳያስቀምጠኝ ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ ጠዋት በግራ መጫር ቢያመኝ በቀኝ ጫርኩ። ለአንተም አልነገርኩህም። አልመጣህም ነበር።"

"ቁርባን ነበር።"

"አዎ፣ ቁርባን ነበር።"

ከመቃብሩ በኩል ርግቦች ተነሡ። እኔ መሬቱን አየዋለሁ። ቀና ስል ፊቱ ተለውጧል።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"በማግስቱ፤ ሰኞ።"

"ሰኞ" አለ። "ቤቴ መጥተህ ዐይኔን ጨፍኜ ስራመድ ያየኸው ረቡዕ ነው።"

"አዎ።"

"አሥራ አንድ ቀን፣ ጋሼ ቤልሚሮ። አሥራ አንድ ቀን ቤቴን በእርምጃ ስቆጥር ከረምኩ። ከአልጋ እስከ ደጅ አሥራ ዘጠኝ ነው። ዴኦሊንዳ ስትተኛ ፊቷን በጣቴ ስማር ነበር፤ ኋላ እንዳልረሳው። አንተ ይህን እያወቅህ ስለ ሾርባ ነገርከኝ።"

"ዘፌሪኖ ቡና ቤት ሄጄ ለሁሉም እነግራለሁ" አልኩ። "ዛሬውኑ።"

"አትነግርም። ሰው ካወቀ ዶሮዋን መልሱ ይሉናል። ዴኦሊንዳ ደግሞ ወድዳታለች።" ይህን ሲል አልሳቀም። "ግን ዛሬ ካንተ ጋር ዳቦ አልበላም።"

ሄደ። በወንዙ በር በኩል፣ ፈጠን ብሎ፣ ወደ ሚስተር ቢሮ።

እሑድ ጠዋት አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ገመዱን እጠቀልላለሁ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። መጣ። ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ዳቦውን አወጣ፣ ለሁለት ከፈለው፣ ግማሹን ሳያየኝ ሰጠኝ። ስንጨርስ ተነሣሁ።

"ና፣ አብረን እንለካ" አልኩት። "ሁለቱንም በር። በእግርህ ጫር፣ እኔ በገመድ አረጋግጣለሁ።"

"ዛሬ አልጭርም።"

"እንዴት አትጭርም?"

"ያንተን ነገር ሰምቻለሁ፤ አምኜሃለሁም። ግን አንተም ልታጽናናኝ ብለህ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አድሮብኛል። ጠባሳውን ኋላ ቆፍረኸው ቢሆንስ?" እጁን አነሣ፣ እንዳልናገር። "አውቃለሁ፣ አላደረግኸውም። ቢሆንም ዐይኔ ራሱ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ያለ ጭረት እቆማለሁ። ከሄድኩ በራሴ ዐይን ልሂድ።"

"ከተሳሳትክ እንወርዳለን፣ አዴሪቶ።"

"ለዚያ ነው ሌሊቱን ያልተኛሁት።"

ሚስተር የሩበንን ስም ሰርዞ የእሱን ሲጽፍ ብዙ ሰው አጉረመረመ። ቡድኑ ሲወጣ ከቆርቆሮው ስር "ቋ፣ ቋ" የሚሉ ነበሩ። እኔ መጋዘኔ በር ላይ ሆኜ መቁጠሪያዬን አወጣሁ። ያን ቀን ሄጄ ባይ ማንም አይከለክለኝም ነበር፤ ግን አባቱ ያስቀመጠኝ ቦታ ላይ መቅረት መረጥኩ።

አንድ አዲስ ድምፅ ሰማሁ። ጨዋታው ጋብ ባለ ቁጥር ከበሩ "ደንግ" የሚል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ "ደንግ" የሚል። ኋላ ነው የገባኝ፤ አዴሪቶ እየተመለሰ ቋሚዎቹን በመዳፉ ይነካ ነበር፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። አባቱ ጀልባውን ሲያስር ምሰሶውን እንደሚዳስሰው።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። በእረፍት ሰዓት መንሼን ይዤ ገባሁ። የወንዙ በር ጋ አንድም ጭረት የለም። የመቃብሩ በር ጋ የእንግዶቹ በረኛ የጫረው አለ። ደፈንኩት፤ ግን ከመድፈኔ በፊት በገመድ ለካሁ። ልክ መሀል ነበር። ያም ሆኖ ደፈንኩት። አዴሪቶ ከተጫዋቾች መውጫ መሿለኪያው አፍ ላይ ቆሞ አይቶኛል፤ አገጩን ትንሽ አነሣ።

ሰማንያኛው ደቂቃ መጣ፤ አለፈ። ሰማንያ አምስት። ሕዝቡ ዝም ማለት ጀመረ፤ የአንድ ከተማ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ቆርቆሮው ራሱ ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ በግራ በኩል የሚሮጥ እግር፣ አንድ ሰው "ዝጋው፣ ዝጋው" ሲል፣ የጫማ አፍንጫ ኳስ ሲመታ። ያቺው ኳስ ናት፤ ከዚያው ጎን። መቁጠሪያው ላይ ጣቴ ቆመ።

ደረቅ ድምፅ።

እንደ ደረቀ የእንጨት ፍልጥ ጥርት ያለ። ከዚያ ቆርቆሮው ተነሣ። እኔ ራሴን ወደ ግድግዳው አስደግፌ ለኩስቶዲዮ "ሰማህ?" አልኩት።

ያለ ግብ አለቀ፤ ተረፍን። ማታ ዘፌሪኖ ከነቤተሰቡ ሊያመሰግነው እቤቱ መጣ አሉ። ሲወጣ ግቢው ውስጥ ቆም ብሎ "እንዲያው ያቺ ዶሮዬ" አለ።

"የቷ ዶሮ?" አለች ዴኦሊንዳ።

ዘፌሪኖ አሰበ። "የትኛዋም አይደለች" አለና ሄደ።

አዴሪቶ ጓንቱን ሰቀለ። ዐይኑ ነግሮታል፤ ደስ ብሎት ሰቀለ። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። እሱ አሁን ደህና ነኝ ብሎ ደምድሟል። የአባቱ ነገር ግን ከእኔ ጭረት ጋር ምን አገናኘው? ስሕተቴ ፍርሃቱን ቀሰቀሰው እንጂ አልወለደውም።

"ይቅር ካልኸኝ አንድ ነገር ልለምንህ" አልኩት።

"ይቅር አላልኩህም።"

"እሺ፣ ሳትለኝም ልለምንህ። ኮይምብራ ሆስፒታል እንሂድ፤ ዐይንህን ይዩት። አንድ ጊዜ። እኔ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ።"

"ኳሷን ይዣት የለ?"

"ይዘሃታል። ሰምቻለሁ።"

ሦስት ቀን ዘጋኝ። በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አገኘሁት፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነች። በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። በግራ ዐይኑ ውስጥ ግፊቱ መጨመር ጀምሯል አለችው፤ የአባቱ በሽታ ነው። እስካሁን የወሰደበት ነገር የለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢመጣ ኖሮ ግን የተወሰደውን የሚመልስ የለም። ጠብታ አለ፤ በየማታው፣ ዕድሜ ልክ። በዚያ በሽታው ይገታል።

"ያቺ ኳስስ?" ሲላት ሰማሁ። "ከአራት ሳምንት በፊት አንዲት ኳስ አምልጣኝ ነበር።"

"በዚህ ዐይን?" አለች። "አይ። እሷ የሌላ ሰው ጥፋት ነች።"

ከውስጥ ሳቁ ተሰማ። ከዚያን እሑድ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ወጥቶ ሲያየኝ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ አጠገቤ ተቀመጠና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ያ ይቅርታ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም።

አሁን ሩበንንና ሌሎቹን በረኞች የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ጭረት ሲያወጡ ገመድ ያስይዛቸዋል። ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ወደ መጋዘኔ ይመጣል። የጠብታዋ ጠርሙስ የአውራ ጣት ታክላለች፤ ሃያ ዓመት ኳስ ሲሰባብራቸው የኖሩት ጣቶቹ ደግሞ እሷን ጨምቀው አንድ ጠብታ ማውጣት አይችሉም። ዴኦሊንዳ ዐይን ውስጥ ነገር መጣል ይዘገንናታል። ስለዚህ አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣ ዐይኑን ይገልጣል። እኔ ከላይ እቆማለሁ።

ትናንት ማታ እጄ ሳተና የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጩ ላይ ወረደች።

"ጋሼ ቤልሚሮ" አለ፣ ዐይኑን ሳይከድን፣ "ሦስት ስንዝር ወደ ቀኝ።"

"ዝም በልና ቀጥ በል" አልኩት። ጠርሙሷን ዝቅ አደረግሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ መሀሉን ለካሁ።